የመዘምራን መሪያችን ዕረፍት፣ እና እየዘመርን የገባንበት ሰፈር

ለማኅበራችን አባላት፣ ለመዘምራን ኅብረቱ፣ ለሙያ ትምህርት ቤቱ ባልደረቦችና ይህን ለሚያነብ ሁሉ።

የቤተ ክርስቲያናችን የአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ፣ የመዘምራን ኅብረቱ የቀድሞ መሪና የእንጨት ሥራ መምህር የነበሩት ወንድማችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ማረፋቸውን ያስታውቃል። ማኅበሩ አዝኗል። በዚህ ቦታ ስንጽፋቸው የኖርናቸው ብዙ ቅጽሎች አሉን። ዛሬ አንዳቸውም አልበቁንም፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻውን ትተነዋል።

ይህ መግለጫ ከልማዳችን ይረዝማል። ምክንያቱን አስቀድመን መናገር ይገባናል። ሟቹ ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት ከማኅበሩ አንድ ነገር ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ማኅበሩም ሳይፈጽምላቸው አርፈዋል። የጠየቁት የአንድ አንቀጽ እርማት ነው። አንቀጹ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ባወጣነው ዓመታዊ ሪፖርት ገጽ ስድስት ላይ ይገኛል። አጭር ነው፤ አምስት መስመር አይሞላም። ዛሬ እናርመዋለን። እርሳቸው አያነቡትም።

ሟቹ የአናጺ ልጅ ነበሩ። ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቀው በዚያው ትምህርት ቤት ለሠላሳ አንድ ዓመታት አስተምረዋል። ያስተማሩበት ክፍል ዛሬም አለ፤ አሥራ ሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች፣ የማይዘጋ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም የተሳለበት ሰሌዳ፤ መጋዙ በቦታው ካልተመለሰ ባዶው ቅርጽ ይመሰክራል። ተማሪዎቻቸው ዘወትር የሚያነሡላቸው አባባል አለ፦ «እንጨት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሜትር የያዘው ነው።» ጡረታ ከወጡ በኋላም ትምህርት ቤቱ የክፍሉን ቁልፍ አልተቀበላቸውም። መልሰው ሲሰጡ ዳይሬክተሯ «ጋሼ፣ በሩ ራሱ የሚሰማው የእርስዎን ብቻ ነው» ብለው በኪሳቸው ከተቱላቸው።

የመዘምራን ኅብረቱን ለሃያ ሁለት ዓመታት መርተዋል። መብራት ሲጠፋ፣ መሣሪያ ሲበላሽ፣ ሰው ሲደናገር፣ መዝሙሩ የሚነሣው ከእርሳቸው ጉሮሮ ነበር። ከዚህ የተነሣ «ጋሽ መነሻ» ብለናቸው ነበር። መዘመር ካቆሙም በኋላ በዚሁ ስም ስንጠራቸው ኖርን። አላረሙንም። ይህ ስም በየቀኑ ምን ያደርግባቸው እንደነበር ያሰብነው አሁን፣ ስንጽፈው ነው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ማግሥት ማኅበሩ የሚያውቀው የሚከተለውን ነው።

መሬቱ የተንቀጠቀጠው ከሰዓት በኋላ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሠላሳ አራት በጎ ፈቃደኞች በሁለት የጭነት መኪናዎች ተነሣን። ብርድ ልብስ፣ አካፋና ዶማ፣ የውሃ ጀሪካን ጭነናል። ከእኛ መካከል ከዚያ በፊት የፈረሰ ከተማ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። መንገዱ በየቦታው ተሰንጥቋል፤ መኪናው ቀስ ይላል፤ ከጎን የምናያቸው ቤቶች እንደታጠፈ ወረቀት ተኝተዋል። አንዷ እህታችን ማልቀስ ጀመረች። ሌላው «መኪናው ይመለስ» አለ፤ እንደ ቀልድ ነው ያለው፣ ግን የሳቀ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሟቹ መዝሙር አነሡ። ተቀበልናቸው።

ፈርተን ነበር። ይህ በሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ወደ አንድ ጎዳና ታጠፍን። ባለ ሦስት ፎቅ የነበረ ሕንፃ መንገዱ ላይ ተደርምሷል። ከሥሩ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት ነበር፤ ወንበሩ ከነመደገፊያው አስፋልቱ መሃል ቆሞ ነበር። ሕዝቡ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድም ሰው አይናገርም። እናቶች የልጆቻቸውን አፍ በደረታቸው ይዘዋል። አንድ ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች አየን፤ ተስፋ የቆረጡ መሰሉን። ልናጽናናቸው የመጣን ሰዎች ነን። ድምፃችንን ከፍ አደረግን።

የማናውቀው ይህ ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሴት ልጅ ከኋላ ክፍል ፎጣ ስታጥብ ሕንፃው ወርዶባታል። አባቷ ከንጋት ጀምሮ ከፍርስራሹ የወጣውን የውሃ ቧንቧ በቧንቧ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ ከሥር ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሰው የሰፈሩ ግንበኛ ነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጆሮውን እያስጠጋ፣ እርምጃ በእርምጃ እየቀረበ፣ በኖራ ምልክት ያደርግ ነበር። ሕዝቡ የተቀመጠው እንዲሰማ ነው። ልጆቹ የተያዙት እንዲሰማ ነው። አራት ምልክት አድርጎ አምስተኛውን ሊያደርግ ሲል እኛ በጎዳናው ጫፍ ደረስን።

ሕዝቡ ተነሥቶ እጁን አነሣ። እኛ ደግሞ እጃችንን አነሣን።

ግንበኛው ሮጦ መጥቶ የመጀመሪያውን መኪና ኮፈን በሁለት መዳፉ እስኪደበድብ ድረስ ዘመርን። «በአምላካችሁ! ዝም በሉ! ሰው አለ! ከሥር ሰው አለ!» ሲል መዝሙሩ ከፊት ወደ ኋላ ቆመ፤ የሁለተኛው መኪና ሰዎች ስላልሰሙ አንድ ስንኝ ያህል ቀጠሉ። ከመታጠፊያው ጀምሮ ስድስት ደቂቃ ይሆናል፤ አንዳንዶቻችን ሰባት እንላለን።

አባት ቧንቧውን ሦስት ጊዜ መቱ። ምንም።

«ድገመው» አለ ግንበኛው።

ደገሙት። ምንም የለም። እስከ ቀትር ድረስ ሲደግሙት፣ ሠላሳ አራታችን ከመኪና ሳንወርድ፣ እግራችንን እንኳ ሳናንቀሳቅስ ቆምን።

በመጨረሻው ምልክት ላይ ተቆፈረ። ልጅቷ የተገኘችው በማግሥቱ፣ ከምልክቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ግራ ነው። ያያት ሐኪም ሕይወቷ ያለፈበት ሰዓት በእርግጥ ሊታወቅ አይችልም አለ። ከመዝሙሩ በፊት ሊሆን ይችላል፤ በመዝሙሩ መሃል፤ ከዚያ በኋላ፣ ደክማ፣ መምታት አቅቷት። ሊታወቅ አይችልም። ማኅበራችን በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ተሸሽጓል።

በዚያ ሰፈር ዘጠኝ ቀን ቆየን። ፍርስራሽ አነሣን፤ ድንኳን ተከልን፤ ውሃ አመላለስን። ሟቹ ከመኪናው ወርደው እንጨት መልቀም ጀመሩ፤ ያዘነበሉ ግድግዳዎችን ደገፉ። ቀኑን ሙሉ ከ«ያዝ» እና «ልቀቅ» በቀር ቃል አልወጣቸውም። ስንመለስ በመኪናው ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ዜማ ጀመረ፤ ወደ እርሳቸው ዞሮ አየና ተወው።

ከዚያ ወዲህ ያበረከቱት አገልግሎት በአጭሩ እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት። ብቻቸውን በአውቶቡስ ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። ፀጉር አስተካካዩ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ያችኑ ወንበር አቁመው ሥራ ጀምረው ነበር። ሟቹ ተራ ጠብቀው ተቀመጡ። ከዚህ የሚቀጥለውን ለባለቤታቸው እንደነገሩት እናስቀምጠዋለን። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ «መዝሙሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ፀጉር አስተካካዩ «አውቃለሁ። አትንቀሳቀስ» አሉ። ጨረሱላቸው። ፊታቸውን በፎጣ ጠረጉላቸው። «ቀጣይ» ብለው ጠሩ። ሟቹ ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እዚያ ይላጩ ነበር፤ ሌላ ቦታ ተላጭተው አያውቁም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ። ሪፖርታችን ታተመ። ሟቹ በማግሥቱ ለኮሚቴው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አስገቡ። ጽሑፉ ይህ ነው፦ «ገጽ ስድስት ላይ የተጻፈው እንደዚያ አልነበረም። እባካችሁ አርሙልኝ። ለእኔ ስትሉ አይደለም።» ኮሚቴው ጉዳዩን ለቀጣይ ስብሰባ አስተላለፈ።

በሁለተኛው ዓመት። ማኅበሩ ዛሬም የሚሠራበትን የአገባብ ደንብ አቀረቡ። መኪና ከአደጋው ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። ሁለት ሰዎች በእግር ይገባሉ። ከሰላምታም፣ ከጸሎትም፣ ከብርድ ልብስም በፊት ያገኙትን ሰው «የምታዳምጡት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልስ ሳይመጣ ሌላው አይንቀሳቀስም። በውይይቱ ላይ ብዙ ተባለ። የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ እናታችን «ዘማሪ ዝምታ ካስተማረማ ዶሮም ክረምቱን ዋና ትማራለች» ብለው ጉባኤውን አሳቁት። ሟቹም ሳቁ። «እማማ፣ መዝሙሩን ማን ከለከለ? ቀድመን እንጠይቅ ነው ያልሁት» አሉ። ደንቡ በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። አሁን ሐቁን ስንናገር፣ ከደገፉት መካከል ደብዳቤው እንዲቆምልን ብለን እጃችንን ያነሣን አለን።

ደብዳቤው አልቆመም።

በአምስተኛው ዓመት። በጎርፉ ጊዜ ለሦስት ሳምንታት ሃያ ስድስት ቤቶችን ደግፈዋል። ግድግዳ ከመንካታቸው በፊት ጆሯቸውን አስጠግተው የመቆም ልማድ ነበራቸው። ወጣቶቹ «ጋሽ መነሻ ግድግዳ ሲያክም! አሁን ‹እስቲ ሳል› ይለዋል» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አንድ ቀን ከግድግዳው ሳይላቀቁ ጣታቸውን አንሥተው «ሁላችሁም ውጡ» አሉ። ወጣን። እርሳቸው የመጨረሻውን የድጋፍ ሽብልቅ መትተው ሲወጡ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አላሾፈም፤ ሰው ሁሉ ጆሮውን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ፤ ምን እንደሚሰማ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በስምንተኛው ዓመት። ኮሚቴው ሟቹን ጠርቶ አነጋገረ። ምክንያቱ በጉባኤ ጸሎት ላይ ድምፃቸው አይሰማም የሚል ነበር፤ አንዳንድ አባላት እምነታቸው ቀዝቅዟል ብለው ነበር። ቃለ ጉባኤው የመለሱትን እንዳለ ይዞታል፦

«ድሮ ስጸልይ እኔ ብቻ ነበርሁ የምናገረው። ዜማ አነሣለሁ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እሻገራለሁ፣ አሜን ብዬ እወጣለሁ። ለእርሱ ፋታ አልሰጠሁትም። አሁን ቁጭ እላለሁ። አብዛኛውን ቀን ምንም የለም። ምንም ከሌለ ግንበኛው እንዳደረገው ትንሽ ጠጋ እላለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።»

ሰብሳቢው «ታዲያ በዚህ ሁሉ እምነትህ ጠንክሯል ማለት እንችላለን?» ብለው ጠየቁ።

«ጠነከረ አትበሉ። የጠነከረ እንጨት ይሰነጠቃል። ጠለቀ የምትሉም ከሆነ ጉድጓድም ይጠልቃል። ከጻፋችሁ፣ ጥሎ አልሄደም ብላችሁ ጻፉ።»

ስለዚህ እንጽፋለን። ጥለው አልሄዱም።

ከእኛ ብዙዎቻችን ከዚያ ሰፈር ስንመለስ በምስክርነት ሰዓት ቆመናል። በፍርስራሽ መካከል እግዚአብሔርን አየሁት፣ እምነቴ ጠለቀ ብለናል። ያልነውን አንክድም፤ በዚያ ዘጠኝ ቀን እጃችን ቆስሎ፣ ከማናውቀው ሰው ጋር ከአንድ ጀሪካን ስንጠጣ፣ የሆነ ነገር ነበር። ግን ምስክርነቱ ሁሉ ከሁለተኛው ቀን ይጀምር ነበር። ስለ መጀመሪያው ጠዋት የመሰከረ አንድም ሰው የለም። ሟቹ በዚያ ጠዋት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሩ፤ የጸለዩት ከዚያ ውስጥ ነው፤ ያዳመጡትም እዚያ ሆነው ነው። ያዩትን ነገር እኛ ሳናየው የቀረን ይመስለናል። በእርግጥ አናውቅም። ስንጠይቃቸው ትንሽ ፈገግ ብለው ሌላ እንጨት ያነሡ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት። ተራራው በተናደ ጊዜ ሁለት ጠያቂዎቻችን በደንቡ መሠረት በእግር ገቡ። የሰፈሩ ሰው «ምን ይሰማል ብላችሁ፣ ጭቃ ነው» አለ። ቢሆንም አሥር ደቂቃ ዝም ተባለ። በሰባተኛው ደቂቃ ከአንድ ጣሪያ ሥር የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ እናትና ልጅ በሕይወት ወጡ። የሴትየዋ ባል ደንቡን ያወጣውን ሰው ላመስግን ብሎ መኪና ለመኪና ሲፈልጋቸው ዋለ። ሟቹ ከመኪናው ጀርባ እንጨት እየላጉ ነበር። «ሄዷል በሉት» አሉን። በምሳ ሰዓት አንዱ አባላችን «ጋሼ፣ አሁን እንኳ ልብዎ ትንሽ አያርፍም?» ቢላቸው «ደስ ብሎኛል እኮ። ግን አንዷ በአንዷ አትተካም» ብለው ዳቧቸውን ቆርሰው ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የድጋፍ እንጨት አሠራርን ለአንድ መቶ አርባ በጎ ፈቃደኞች አስተምረዋል፤ አሥራ አንድ ደብዳቤም ለኮሚቴው አስገብተዋል። የኮሚቴው መልሶች በመዝገብ አሉ። «የበጎ ፈቃደኞችን መንፈስ እንዳይጎዳ።» «የቤተሰቡን ቁስል እንዳይነካ።» «አዲሱ ኮሚቴ እስኪመረጥ።» «ጉዳዩ በጸሎት እንዲታሰብበት።» ቤተሰቡን ማንም አልጠየቀም። በጸሎት ማንም አላሰበበትም።

በዚህ ዓመት የሟቹ ሕመም ጸንቶ ሆስፒታል ሲገቡ ፀጉር አስተካካዩ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ዕቃቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ነርሷ «አባት፣ የእንግዳ ሰዓት አልቋል» አለቻቸው። «ማን እንግዳ አለሽ? ሥራ ላይ ነኝ» አሉና ውሃ አስሞቁ። የሟቹ ባለቤት አልጋው አጠገብ ሆነው የሰሙትን ነግረውናል። ፀጉር አስተካካዩ አረፋውን እየቀቡ «እነዚያ ሰዎችህ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ደጄን አልረገጡም» አሏቸው። «ይመጣሉ» አሉ ሟቹ። «እንግዲህ አንተ ካልህ። መኪናችሁ ለመዝሙር እንጂ ለሌላ ነገር አይቸኩልም።» ሟቹ ሳቁ፤ ሳሉም፤ ምላጩ ከፊታቸው እስኪርቅ ጠበቁ። የመጨረሻው ቅዳሜ ይህ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ኮሚቴው ይህን መግለጫ ለማጽደቅ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ረቂቅ ከዚህ የተለየ ነበር። «በጸና እምነታቸውና በመዝሙር አገልግሎታቸው ብዙዎችን ያጽናኑ» የሚል ነበረበት። የሟቹ ባለቤት እንዲያዩት ተጋብዘው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ይሄ ማነው?» አሉ። ወረቀቱን ወደ እኛ ገፉት። «አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ስተኛ አንድም ቀን ዜማ ያልወጣውን ሰው ነው የማውቀው። ወይ ያንን አንቀጽ አርሙለት፣ ወይ ይሄንን አታንብቡለት። ዝም በሉ። ዝም ማለቱን እንደሆነ አስተምሯችኋል።» ሰብሳቢው ሐሳቡ ለድምፅ ይቅረብ አሉ። ማንም እጁን አላነሣም። የተቃወመም የለም። ጸሐፊዋ አዲስ ወረቀት አወጣች።

እርማቱ የሚከተለው ነው።

በዓመታዊ ሪፖርታችን ገጽ ስድስት ላይ «በጎ ፈቃደኞቻችን በመዝሙር ወደ ሰፈሩ ሲገቡ፣ በሐዘን ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ እጁን ወደ ሰማይ በማንሣት ተቀበለን፤ ብዙዎችም በተጽናኑበት ደስታ አለቀሱ» ተብሎ የተጻፈው ሐሰት ነው። ሕዝቡ በፍርስራሽ ሥር ያለችን ልጅ እያዳመጠ ነበር። እጁን ያነሣው እኛን ዝም ለማሰኘት ነው። ያለቀሰው ስላልሰማነው ነው። መዝሙሩን ያነሡት ሟቹ ናቸው፤ የዘመርነው ግን ሠላሳ አራታችን ነን። ሟቹ የድርሻቸውን በሦስተኛው ሳምንት አመኑ። ከቀረነው ሠላሳ ሦስት በሕይወት ያለነው ዛሬ እናምናለን። ከእኛ አምስቱ ይህን ሳይሉ ቀድመው አርፈዋል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት የኮሚቴ አባላት ይህን ጽሑፍ ይዘው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄዱ። አዲሱ ቤት ሁለት ወንበር አለው፤ ፎጣዎች በገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ሬዲዮ ተከፍቷል። ደንበኛ እየላጩ ነበር። ከየት እንደመጣን ስንነግራቸው ሬዲዮኑን ዘጉ። ደንበኛው ሊነሣ ሲል «ተቀመጥ፤ ግማሽ ፊት ይዘህ የት ልትሄድ ነው?» አሉት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብንላቸው። ምላጩን በእጃቸው እንደያዙ፣ መስታወቱን እያዩ ሰሙ።

ስንጨርስ ምላጩን አስቀመጡ። ከዚያ «ዕድሜዋን ለምን አልጻፋችሁም?» አሉ።

አናውቀውም ነበር። ለማወቅ ጠይቀን አናውቅም። ይህንንም ነገርናቸው።

ባለቤታቸው ከኋላ ክፍል እጃቸውን እያደረቁ ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየንም። እኛን ሳይሆን ባላቸውን እያዩ «የሰውየው ሐዘን የሰውየው ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ አልቅሼለታለሁ» አሉ። «የእኔን ልጅ ግን በእሱ ወረቀት ጅራት አታስገቧት። ለብቻዋ ጻፉላት።»

ማኅበሩ ለሟቹ ባለቤት፣ ለሁለት ልጆቻቸው፣ ለሙያ ትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ለተማሪዎቻቸውና ለመዘምራን ኅብረቱ መጽናናትን ይመኛል። ሥርዓተ ቀብራቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ያለ መዝሙር ይፈጸማል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ያኑርልን።

የሟቹ የሐዘን መግለጫ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ለብቻው ነው።

ለፀጉር አስተካካዩና ለባለቤታቸው።

ሴት ልጃችሁ በመሬት መንቀጥቀጡ ማግሥት አርፋለች። ሃያ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። የነርስ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አልፋ ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ ነበር። ግራኝ ነበረች። ከንጋት ጀምሮ ለጠራችኋት ሁሉ መልስ ስትሰጥ ነበር፤ አንድም ጊዜ ሳትመልስ አልቀረችም፣ እኛ እስክንደርስ ድረስ። እንዳትሰሟት ያደረግናችሁ እኛ ነን። ይህን ልንነግራችሁ በማግሥቱ መምጣት ነበረብን።

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነፍስ ይማር።